አፌን ከፍቼ የተነሳሁት ራጅ

ከጭድ ክምር ላይ የወደቅሁት በዚህ በሽበቴ ነው። የጎረቤት ጎልማሶች ሲከምሩ አይቼ «እንዲህ ነው እንዴ የሚከመር?» ብዬ ወጣሁ። አከማመሩን ሳላሳያቸው ክምሩ ራሱ አወረደኝ፤ ያረፍሁትም በአንገቴ በኩል ነው። ጭዱን ከጋቢዬ ላይ አራግፌ «ምንም አልሆንኩም» አልኩ። እውነትም እስከ ማግስቱ ምንም አልሆንኩም ነበር።

በማግስቱ አንገቴ ደረቀ። ከጎን የጠራኝን ሰው ለማየት እንደ ተጠመደ በሬ ከነትከሻዬ መዞር ግድ ሆነብኝ። ይጁቤ ገበያ አንዱ ሰላም ቢለኝ ቀጥ ብዬ አለፍኩት፤ «ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የኮራው?» አለ አሉ።

ባለቤቴ ወጌሻ አስጠራች። ወጌሻው አብሮ አደጌ ነው፤ ስንቱን ወለምታ የመለሰ እጅ አለው። አንገቴን ዳበስ ዳበስ አደረገና «አንዴ ጠምዘዝ ባደርጋት ትመለሳለች» አለ። ይህን ሲል ደብረ ማርቆስ የምትኖረው ልጃችን ደወለች። ባለቤቴ ነገሩን ብትነግራት ጮኸች፤ ድምጿ ለሁላችንም ተሰማ።

«ራጅ ሳይነሱ ማንም አንገታቸውን እንዳይነካ! አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ በአንድ ጥምዘዛ ሽባ ይሆናሉ፤ ሊሞቱም ይችላሉ!»

ወጌሻው ፍም እንደ ነካ ሰው እጁን ሰበሰበ። «ሂድ ራጁን ተነሳ። አልተሰበረም ካሉህ እኔ እዚሁ ነኝ» አለኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ መጀመሪያ አንገቴን በጠንካራ መደገፊያ አሰረችው። «ከሁሉ የሚያሳስቡኝ ከላይ ያሉት ሁለቱ አጥንቶች ናቸው፤ ጭንቅላትዎን የተሸከሙት እነሱ ናቸው» አለች።

«እንግዲያው ብዙም አልከበዳቸው» አልኩ። የሳቀችው ባለቤቴ ብቻ ናት።

ራጅ ክፍል ማተቤ ብረት የሌለበት ክር ብቻ ስለሆነ አላስወለቁኝም። ባለሙያው በጎኔ አቆመኝና «ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉ፤ የታችኞቹን አጥንቶች ጋረደብኝ» አለ። ትከሻዬ ዝቅ ያለው ካገባሁ ጀምሮ እንደሆነ ልነግረው አሰብኩና ባለቤቴ በሩ ላይ መቆሟ ትዝ አለኝ።

ቀጥሎ አስተኛኝና «አሁን አፍዎን በሰፊው ይክፈቱ። የላይኞቹ አጥንቶች የሚታዩት በአፍ በኩል ነው» አለ።

«ይኼንንስ ሳይታዘዝም ይችልበታል» አለች ባለቤቴ።

ባለሙያው አፌን አየና «ሌላው ሰው ላይ ጥርስ ይጋርድብናል፤ እርስዎ ግን የሚጋርድ የለዎትም» አለኝ። በድዴ ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነው።

በሩን ዘግቶ ከመስታወቱ ጀርባ ሆነ። «እንዳይንቀሳቀሱ አባባ። እግዜር ይማርዎ!»

ምርቃት ሰምቶ ዝም ማለት የት አገር ያለ ነው? «አሜን!» አልኩ። ራሴም እንደ ልማዱ ዝቅ ሊል ሲል መደገፊያው አገጬን ያዘው። ማሽኑ ጠቅ አለ።

ያኔ ነው የፈራሁት። ያ አጥንት ተሰብሮ ቢሆንስ? ወጌሻው የተከለከለውን ራሴው ጨረስኩት ማለት ነው። የእግሬን ጣቶች አነቃነቅሁ፤ አሉ። የእጄንም፤ አሉ።

ባለሙያው ብቅ አለ። «አባባ፣ ያነሳሁት አሜንዎን ነው፤ አጥንቱ አልታየም። እንድገመው።»

«እንግዲያው አትመርቀኝ» አልኩት። በሁለተኛው እሱም አልመረቀኝ፣ እኔም ትንፍሽ አላልኩ።

ሐኪሟ ምስሉን በስክሪን እያሳየች «ስብራት የለም» ስትል፣ ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። እሷም ለካ ስትቀልድ የቆየችው እንደኔው ፈርታ ነው። «እነዚህ የተጠጋጉት በእርጅና ነው። ጅማቱ ግን ክፉኛ ተጎትቷል፤ መደገፊያውን አያውልቁ። ስብራት የለም ማለት ይጠምዘዝ ማለት አይደለም» አለች ሐኪሟ።

ቤት ስንደርስ ወጌሻው የማሻ ቅቤውን ይዞ ጠበቀን። ሐኪሟ ያለችውን ነገርኩት። ቅቤውን አየ፣ አንገቴን አየ።

«እና በከንቱ መጣሁ?»

«ቅቤው ለወጥ ይሆናል» አለች ባለቤቴ፣ ከእጁ እየተቀበለችው።

ሳቀና ተነሳ። «በል እግዜር ይማርህ!»

አንገቴን እንደ በትር አቁሜ ከወገቤ እጥፍ አልኩና «አሜን!» አልኩ። የሆነ ነገር ቀጭ አለ።

«ደግሞ የወገቡን ራጅ ሊያስነሳን ነው» አለች ባለቤቴ።