የሚዋሽ ጀርባ

የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች «ጋሼ ጀርባ» ይሏቸዋል። ሥራቸው መተኛት ነው። ከዘበኝነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት ሸሚዛቸውን አውልቀው የልምምድ ክፍሉ አልጋ ላይ በደረታቸው ይደፋሉ፤ ተማሪው ሁሉ አከርካሪያቸውን እየተጫነ እጁን ያሟሻል። ለወደዱት ተማሪ «እፎይ» ይሉለታል፤ ባልወደዱት ላይ ገና ሳይነካቸው «ወይኔ ወገቤ!» ይላሉ።

አንድ ሰኞ አንድ ኢንጂነር ሴንሰር የተሰፋበት ጓንት ይዞ መጣ። ጓንቱ የእጅን ግፊት እየለካ ስክሪን ላይ መስመር ይስላል። የባለሙያዋ መምህርት መስመር እንደ ኮረብታ ለስላሳ፣ የጀማሪው እንደ መጋዝ ጥርስ እንደሚሆን ተጠብቋል።

«ልኬቱ ከተሳካ የፕላስቲክ ጀርባ እናስገዛለን» አላት ኢንጂነሩ ለመምህርቷ። «አይርበው፣ አያስነጥሰው።»

ጋሼ ጀርባ ፊታቸውን በአልጋው ቀዳዳ እንደቀበሩ ሰሙ። ጉሮሯቸውን ፕላስቲክ ሊዘጋው ነው! «ቆይ ብቻ» አሉ በሆዳቸው።

መጀመሪያ አንድ ጀማሪ ተማሪ ጓንቱን አጠለቀ። ጋሼ እንደ ሊጥ ተዘረጉለት፤ ሲጫን ዝቅ፣ ሲለቅ ከፍ እያሉ አጀቡት። ስክሪኑ ላይ ያማረ ኮረብታ ወጣ። መምህርቷ ስትጫን ግን ትንፋሻቸውን ቋጥረው ጡንቻቸውን ያዝ ለቀቅ አደረጉባት። መጋዝ!

ኢንጂነሩ ገመዱን ነቀለ፣ መልሶ ሰካ፣ ጓንቱን ገለበጠ። «ማሽኑ አብዷል» አለ።

መምህርቷ ጓንቱን አውልቃ ባዶ እጇን ወገባቸው ላይ አሳረፈች። እሷም በተማሪነቷ እጇን ያሟሸችው በዚሁ ጀርባ ነው። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ከማን ጋር ነው የተጣሉት?»

«እኔ? ተኝቼ?»

«ወገብዎ እንቢ እያለኝ ነው።»

«ከፕላስቲክ ጋር ነው እንጂ ካንቺስ ምን አጣላኝ፣ ልጄ» አሉ ለወለሉ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህርቷ ወደ ጀማሪው ዞረች። «አንተስ፣ ሲያጅቡህ አልታወቀህም?»

«እኔማ የጎበዝኩ መስሎኝ!»

«የባለሙያና የጀማሪ ልዩነቱ ይሄው» አለችው ለኢንጂነሩ። «ፕላስቲክ አይዋሽም። እኔ የሚዋሽ ጀርባ ነው የምፈልገው። ነገ ይምጡ ጋሼ፤ አንዱን እሺ፣ አንዱን እንቢ ይበሉ። ማን እንደሚነቃብዎት እንለካለን።»

ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው ቤት ገቡና ለባለቤታቸው አወሩ።

«በስተርጅና ለውሸት ተቀጠርክ?» አሉ ባለቤታቸው።

«የሚነቃብኝ ባለሙያ ብቻ ነው ተብሏል!»

«ወይ ጉድ! እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ስነቃብህ ማን ባለሙያ አለኝ?»