ከስልኬ የወጣው ተኩስ

ይህ ነገር ከደረሰ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ከሦስት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። የዚያን ዕለት አብረውኝ የተሳፈሩት ሰዎች ዛሬም የሚያወሩት ሌላ ታሪክ ነው።

መሐል ሜዳ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ወንድሜ የሚኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ስንነፋፈቅ የምንገናኘው ፐብጂ ላይ ነበር። መቶ ሰው አንድ ደሴት ላይ ይወርድና አንድ ቡድን ብቻ እስኪቀር ድረስ የሚታኮስበት የስልክ ጌም ነው። ተማሪዎቼ ሲጫወቱት ካየሁ እቆጣለሁ፤ እኔ ግን ከእነሱ ብሼ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወንድሜ በሚኒባስ እየሄድኩ ነው። አጠገቤ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ባልቴት ተቀምጠዋል። የፈተሉትን የበግ ፀጉር በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀው እግራቸው ሥር አድርገዋል። የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠራ ሰው ሊያደርሱት እንደሆነ አጫወቱኝ። ጥቂት እንደሄድን እሳቸው አንቀላፉ። እኔም ማዳመጫዬን ሰክቼ ከወንድሜ ጋር መጫወት ጀመርኩ።

ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆሞ በሩ ተከፈተ። በዚያች ሰዓት ቡድናችን ተከቦ ነበርና ቀና ብዬም አላየሁ። የሚወርደው ሰውዬ ሻንጣ የማዳመጫዬን ገመድ ጎትቶ መዘዘው።

ተኩሱ ሚኒባሱን ሞላው። የወንድሜ ድምፅም "ከኋላ ናቸው! ከኋላ!" እያለ ይጮሃል።

ጊዜው ሰው በትንሽ በትልቁ የሚደነግጥበት ነበር። አንዱ "ተኩስ ነው፣ ውረዱ!" አለ። ሰዉ እየተገፋፋ በበሩ ፈሰሰ። እኔ ድምፁን አጠፋሁና ስልኩን ሹራቤ ሥር ሸሸግኩት። ስወርድ እማማ ጥሩነሽ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ወድቀዋል። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ታጥፏል።

አንሥቼ እጃቸውን በሻርፔ አሰርኩላቸው። ሾፌሩ "ከዚያ ጋራ ነው የተተኮሰው" ይላል። ረዳቱ ደግሞ "ኧረ ከገደሉ ሥር ነው!" ብሎ ይከራከረዋል። "ስልኬ ነው" ማለት ነበረብኝ። ግን ይደበድቡኛል ብዬ ፈራሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ ደግሞ አፈርኩ።

ወደፊት ለመሄድ የደፈረ ስላልነበረ ሚኒባሱ ወደ መሐል ሜዳ ዞረ። እማማ ትከሻዬ ላይ ተደግፈው ሕመሙ ጋብ ባለላቸው ቁጥር ይመርቁኛል። "ሁሉም ነፍሱን ሊያድን ሲሮጥ አንቺ ጥለሽኝ አልሄድሽም። ወልደሽ ሳሚ፣ ልጄ።"

መሐል ሜዳ ስንደርስ ልጃቸው ተቀብሎ ወሰዳቸው።

ሁለት ወር ያህል ቆየሁ። በመጨረሻ ጸጸቱ አላስቀምጥ ሲለኝ አገራቸውን አፈላልጌ ሄድኩ። እማማ ሲያዩኝ "ያቺ ልጅ መጣች!" ብለው ጎረቤት ጠሩ። እጃቸው ግን ጠምሞ ገጥሟል። ጣቶቻቸው እንዝርት አይዙም።

"ሐኪም ቤት አልሄዱም እንዴ እማማ?" አልኳቸው።

"ልጄማ ስብራት የሚታየው ደብረ ብርሃን ነው፣ ልውሰድሽ ብሎ ለምኖኝ ነበር። ጥይት በሚዘንብበት መንገድ ልጄን ይዤ ልግባ? እምቢ ብዬ ወጌሻ አሸኝ።"

ጎረቤቶቹ እስኪወጡ ጠበቅኩ። ከዚያ እሳቸውና ልጃቸው ፊት እያለቀስኩ ሁሉንም ተናገርኩ። ልጃቸው ተነሥቶ ወጣ። እማማ መጀመሪያ አልገባቸውም።

"ተኳሽ የለም ነው የምትዪኝ?"

"የለም እማማ። ጨዋታ ነው።"

የታመመ እጃቸውን በደህናው ይዘው አገላብጠው አዩት።

"መውደቁስ ይሁን፣ ድንጋጤ ነው" አሉኝ በመጨረሻ። "ያን ዕለት ብትነግሪኝ ግን ሐኪም ቤት እሄድ ነበር።"

በሳምንቱ ከልጃቸው ጋር ሆነን ደብረ ብርሃን ወሰድናቸው። በሚኒባሱ ውስጥ ልጃቸው ከእኔ ርቆ ፊት ተቀመጠ። ሐኪሙ እጃቸውን አይቶ ስብራቱ ሳይታከም ብዙ በመቆየቱ እንደ ድሮው እንደማይሆን ነገረን።

አሁንም አልፎ አልፎ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ። ዛሬም "ልጄ" ነው የሚሉኝ። ጌሙን ከስልኬ ካጠፋሁት ቆየሁ። ወንድሜም የሆነውን ከነገርኩት ወዲህ ተጫወቺ ብሎኝ አያውቅም። ግን የሚቆጨኝ መጫወቴ አይደለም፤ ገመዱም ሳላስበው ነው የተመዘዘው። የሚቆጨኝ እሳቸው በተሰበረ እጃቸው ሲመርቁኝ፣ ያን ሁሉ መንገድ "አሜን፣ አሜን" እያልኩ መቀበሌ ነው።