ዝም ያለው የፈረንሳይ ሰዓት

የስፌት መኪና ዘይት በሸተተኝ ቁጥር አባቴ በሱ ሰዓት እየቀባ የሚጠግንበት ጠረጴዛ ይታየኛል። አባቴ ከወሎ በሠፈራ የመጣ ገበሬ ነበር። ጋምቤላ ክልል በተባለች ሰሞን እርሻውን ለወንድሙ ትቶ፣ ከተማው ውስጥ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ማንጎ ጥላ ሥር ሰዓት ይጠግን ነበር። እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አጠና ነበር።

አንድ ቀን አንዲት አኙዋክ አሮጊት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ሲፈቱት የነሐስ ሰዓት ነው፤ አራት ጎኑ መስታወት፣ አናቱ ላይ ማንጠልጠያ ያለው። ፊቱ ላይ «ፓሪስ» የሚል አነበብኩ። ባላቸው የነጋዴ መርከብ በወንዙ እስከ ጋምቤላ ይመጣ በነበረበት ዘመን ለአንድ ግሪክ ነጋዴ ይሠሩ ነበር፤ ነጋዴው ሲሄድ ትቶላቸው ነው።

«ይሄ ሰዓት ከቤታችን ሰው ሲሞት ብቻውን ይደውላል» አሉ። «ባሌ የሞተ ቀን ደወለ። ልጄ ድንበር ከተሻገረ አራት ክረምት ሆነ፣ ሰዓቱ ዝም ነው። ልጄ ስላለ ነው? ወይስ ተበላሽቶ ነው? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

አባቴ ለነገ ቀጠራቸው። ሲከፍተው ሁለት ሞላ ነበረው፤ አንዱ ለመቁጠሪያው፣ አንዱ ለደወሉ። የደወሉ ሞላ ዝጎ ተበጥሷል።

«ይሄ ከተበጠሰ ብዙ ዘመኑ ነው። መዶሻውን የሚያነሣው ነገር የለም» አለኝና፣ ሞላውን አውጥቶ ወረቀት ላይ አስቀመጠው።

በማግሥቱ አሮጊቷን ስንጠብቅ ማንጎው ላይ የነበሩት ወፎች በአንዴ ዝም አሉ። ቅጠል አይነቃነቅም። የሰዓቱ መዶሻ ቀስ ብሎ ተነሣና ደወሉን አንድ ጊዜ መታ። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስል። ቶሎም አልጠፋም። ሞላው እንደተበጠሰ ወረቀቱ ላይ ነበር።

አባቴ መስታወቱን በመዳፉ ሸፈነው።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«አልሰማሽም» አለኝ።

ዛሬ ሳስበው ነፋስ ይሆናል እላለሁ። ግን ነፋስ አልነበረም።

አሮጊቷ ሲደርሱ አባቴ ተነሥቶ ቆመ። «ደህና ነው እናቴ። አልተበላሸም» አላቸው። እሳቸው መሬት ላይ ተቀመጡና አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ለብዙ ጊዜ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ልጃቸው አልመጣም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በእኛ በኩል ያልፋሉ።

«ዛሬም ዝም ነው» ይሉታል።

«አልሐምዱሊላህ» ይላቸዋል አባቴ። ከዓይኑ እስኪጠፉ ቆሞ ያያቸውና፣ ከተቀመጠ በኋላም ለረጅም ጊዜ ሥራ አይነካም ነበር።