የአለቃው አለቃ ደጅ

በጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት የመንግሥት ሥራ ለመያዝ ፈተና ማለፍ ብቻ አይበቃም ነበር፤ የአለቃውንም ደጅ መጥናት ያስፈልግ ነበር። እኔም የመዝገብ ቤት ጸሐፊነቱን ፈተና አልፌ ሳበቃ፣ ቅጥሩ እንዲጸድቅልኝ ኮልፌ ያለው የአለቃው ግቢ በር ላይ በየማለዳው መገተር ጀመርኩ። ሰውየው መኪናው ውስጥ ሆኖ አገጩን ነቅነቅ ያደርግልኝና ያልፋል።

አንድ ቀን ግን መኪናው አጠገቤ ቆመ።

«አንቺ፣ ነጠላሽ ንጹሕ ነው?»

«ከሸሚዝዎ ይሻላል» አልኩ። አፌ መቼም አያርፍ።

«በይ ግቢ!»

ጦር ኃይሎች አካባቢ አንድ ሰፊ ግቢ በር ላይ ወረድን። ለካ እሱም ሹመት ፈልጎ የበላዩን ደጅ ይጠናል! ያለ አጃቢ መታየት አሳፍሮት ነው እኔን ያስከተለኝ።

«ከኋላዬ ቁሚ። ትንፍሽ እንዳትዪ» አለኝ።

በሩ ተከፍቶ አንድ ግርማ ያላቸው ሽማግሌ ብቅ አሉ። የእኔው ሰው እጥፍ አለ፤ ወገብ እንዳለው ያን ቀን አወቅሁ። ሽማግሌው ግን እሱን ትተው እኔን አዩ።

«ይህቺ ደግሞ ማን ናት?»

የእኔው ሰው ደጄን የምትጠና ሥራ ፈላጊ ናት እንዳይል ጨነቀው።

«የ... የመሥሪያ ቤቴ ሠራተኛ ናት፣ ክቡርነትዎ!»

ነጠላዬን አደግድጌ ግንባሬ መሬት እስኪነካ እጅ ነሣሁ።

«እውነታቸውን ነው ጌታዬ» አልኩ፤ «አሁን፣ እፊትዎ መቅጠራቸው ነው!»