አው ዩሱፍን ብርሃን እንዳይመታቸው

ማክሰኞ ንጋት፣ ጅግጅጋ

ከሐረር እስከ ጂቡቲ ድንበር ድረስ ፍላሽን እንደ እኔ የሚገራ ፎቶ አንሺ የለም። እኔ ሳነሳው የተኛ ሕፃን አይነቃም፤ የሙሽራ ግንባር አያብረቀርቅም። ይህ ሁሉ እስከ ረቡዕ ድረስ እውነት ነበር።

ጎህ ሲቀድ የሹፌሩ የአብዲ ሚኒባስ ውስጥ ገባን፤ እኔና ኸድራ። ኸድራ ከፎቶ ቤቴ አጠገብ ጨርቅ ትሸጣለች። አባቷ አው ዩሱፍ ሐርተሼክ ታመው ተኝተዋል፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰዷቸው ብለዋል። በልጆቻቸው እጅ አንድም ፎቷቸው የለም።

"አንድ ብቻ ነው የምፈልገው፣ ወላሎ፣ ወንድሜ" አለችኝ። "ግን ፍላሽ ፊቱ ላይ እንዳታበራ። አባቴ አይወድም።"

"እኅቴ፣ የእኔ ፍላሽ ጨረቃ ናት" አልኳት።

ረፋድ፣ ቀብሪበያ

ሜዳው ደርቆ ነጥቷል። ከመንገዱ ዳር የከብት አጥንት፣ እሾህ ላይ የተሰቀለ ፌስታል፣ ወዴት እንደሚሄዱ የጠፋቸው የሚመስሉ ግመሎች። አብዲ ጫት ከጫነ መኪና ጋር እሽቅድድም ገጥሞ ስለነበር እኔ ቀድሜ ደረስኩ፤ ነፍሴ በኋላ በሌላ መኪና መጣች። ሻህ የሚሉትን ሻይ ጠጣን። ስኳሩ ማንኪያ ያቆማል።

"ዋርያ፣ ዝናብ ፎቶ አንስተህ ታውቃለህ?" አለኝ አብዲ።

"አዎ።"

"እንዳትጥለው። ልጆቻችን ምን እንደሚመስል ይዩት።"

ማንም አልሳቀም፤ እኔም ጭምር።

ቀትር፣ ሐርተሼክ

የስደተኞቹ ድንኳኖች የነበሩበት ሜዳ ላይ ነፋስ ብቻ ቀርቷል። አው ዩሱፍ ከበሩ ፊት ለፊት ፍራሽ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ አጥንትና ጢም ብቻ። ክፍሉ ሂና ሂና ይሸታል።

"ዛሬ ጠዋት ጎረቤት አስጠርቶ ጢሙን ቀይ አስቀባ" አለች ኸድራ። "ለአንተ ብሎ ነው።"

ሽማግሌው በሶማሊኛ ሲናገሩ እሷ አስተረጎመች። "በስደተኛ ጣቢያው ጊዜ፣ ለዱቄት ስንሰለፍ እንግዶች እየመጡ በመብራት ፊታችንን ይመቱን ነበር። ዓይኔን ስገልጥ ሄደዋል። ፎቶውን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።"

ፍላሹን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ሞከርኩ። በእጃቸው ዓይናቸውን ከለሉ። "አሁንም መታኝ" አሉ።

ትንሽ መብራት ፊት ላይ እንደ ጥፊ ነው፤ ሰፊ መብራት ግን እንደ መዳፍ ያርፋል። ስለዚህ የፍላሹን አንገት ወደ ጎን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። ግድግዳው ሰፊ፣ ዘይት ቀለም የተቀባ ነው። ብርሃኑ እንደ ኳስ ነጥሮ፣ ተዘርግቶ ተመለሰ። ከአፍንጫቸው ሥር የነበረው ስለታም ጥላ ሟሟ። በሌላው ጉንጫቸው የበሩ ፀሐይ ገባላቸው። አው ዩሱፍ ዓይናቸውን ገልጠው ቀሩ።

"ይኼኛው አልመታኝም" አሉ። "ደግ ብርሃን ነው።"

ኸድራ ልታይ ጠየቀችኝ። ካሜራውን ደረቴ ላይ አድርጌ "የእኔ ሥራ ታትሞ ነው የሚታየው" አልኳት።

ረቡዕ፣ ጅግጅጋ

ፎቶ የማሳትምበት ቤት ውስጥ ኸድራ ፎቶውን ይዛ ብዙ ቆየች።

"ስታነሳው ሞቶ ነበር እንዴ?"

ብቻዬን ሳቅሁ።

"ፊቱ አረንጓዴ ነው" አለች።

"ማሽኑ ነው" አልኩ ፈጠን ብዬ። "የዘንድሮ ቀለም መላ የለውም።"

አታሚው የሌላ ሰው ፎቶ አውጥቶ አሳያት፤ ደህና ነበር። "የቤቱ ግድግዳ ምን ቀለም ነው?" አላት።

"አረንጓዴ።"

ብርሃን የነካውን ቀለም ይዞ ይመጣል፤ ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ኖሬያለሁ። አታሚው አረንጓዴውን ሊቀንስ ሲሞክር በፀሐይ የበራው ጉንጭ እንደተላጠ ቆዳ ቀላ፣ ጢማቸውም ጉበት መሰለ፤ ይህን የነገረችኝ ኸድራ ናት። በመጨረሻ ጥቁርና ነጭ አደረገው።

"አሁን ሰው ይመስላል" አለች። "ሂናውስ የት ሄደ?"

"ነገ እንመለሳለን። ግድግዳውን በነጭ እንሸፍነዋለን።"

ከሱቋ አዲስ አቡጀዲ ቆረጠችልኝ።

ሐሙስ

ቀብሪበያ ስንደርስ ስልኳ ጮኸ። ሰማች፣ ዘጋች፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎተተች። አብዲ ሬዲዮውን አጠፋ። ሐርተሼክ እስክንደርስ ድረስም እግሩን ከነዳጁ ላይ አላነሳም።

ግቢው በወንዶች ተሞልቷል። አቡጀዲውን ታቅፌ በር ላይ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ መጣና ከእጄ ተቀበለኝ። "አላህ ይስጥህ። ለከፈን ጨርቅ ሰው ልንልክ ነበር" አለኝ። ለፎቶ ነው የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። አው ዩሱፍ በዚያው ተገነዙ።

ከቀብር መልስ ኸድራ በሩ ላይ አገኘችኝ። ዓይኗ አብጧል።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚህ ቤት ገብተህ ያን ሁሉ አረንጓዴ እንዴት አላየኸውም?"

የካሜራዬን ቦርሳ መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"ቀይና አረንጓዴ አይለዩልኝም" አልኳት። "ከልጅነቴ ጀምሮ። የአባትሽ ጢምም የአፈር ቀለም ነው የመሰለኝ።"