ጥጥ ላምጣ ብዬ ሞጣ ሄድኩ

ቢቸና ገበያ ስወጣ እናቶች ልጆቻቸውን በእኔ ያስፈራራሉ። «ዝም አትይም? ያቻት ሲስተሯ፣ መርፌ ትወጋሻለች» ይላሉ። ልጅቱ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትወሸቃለች፤ እናትየዋ ትልቅ ውለታ እንደዋለችልኝ ሁሉ ፈገግ ትልልኛለች። እኔም የያዝኩትን ሽንኩርት ይዤ እስቃለሁ፣ ምን አደርጋለሁ። እነዚሁ እናቶች ልጃቸው ሲታመም ተሸክመው ይመጡና «እባክሽ እንዳትፈራ አድርጊልን» ይሉኛል።

በምን? በውሸት ነዋ። የሕፃናት ክፍል ነርስ ከሆንኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከመርፌ ይልቅ የሠራሁት በውሸት ነው። «አያምም»፣ «አለቀ አለቀ»፣ «ላየው ብቻ ነው»። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንደሚባለው፣ የእኛም ማታለል ያን ያህል የረቀቀ አልነበረም። ቢሆንም እኔ በዚህ ስም ነበረኝ። ሌሎቹን ያስቸገረ ልጅ ወደ እኔ ይላካል። እውነቱን ለመናገር እኮራበት ነበር።

ባለፈው ዓመት ከገጠር አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ መጣችልን። የሚፈላ ሽሮ ቀኝ እጇ ላይ ተገልብጦባት ነው። የጣት ቃጠሎ ክፉ ነው። ፋሻው በየቀኑ ተፈትቶ፣ ቁስሉ ታጥቦ፣ በየጣቱ መሀል ጎዝ የሚባለው ስስ ጨርቅ እየገባ ለየብቻ ካልታሸገ፣ ጣቶቹ ሲድኑ እርስ በርስ ተጣብቀው ይድናሉ። ልጅቱ ደግሞ በመስከረም ትምህርት ቤት ልትገባ ነበር። እርሳስ የምትይዝበት እጅ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ለሦስት ይዘን አጠብናት። ጩኸቷ ግቢው ድረስ ይሰማ ነበር። በአራተኛው ቀን ሌሎቹን አስወጣሁና አልጋዋ ላይ ተቀመጥኩ። «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ብቻ ነኝ የምነካሽ። ከእኔ ሌላ ማንም አይነካሽም» አልኳት። ትንሽ አሰበችና እጇን ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ነክሳ ዝም ብላ ትታጠብልኝ ጀመር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ግን ያን ቃል የተናገርኩት ለአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነበር።

በዚያው ሰሞን ደብዳቤ ደረሰኝ። ሞጣ ላይ ለአምስት ቀን ሥልጠና፣ በሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን በሥነ ልቦና ስለ መደገፍ። እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ደርሶኝ አያውቅም። ሥልጠና በመጣ ቁጥር የሚሄደው ያው ሁልጊዜ የሚሄደው ሰው ነበር፤ አንድ ጊዜ ስለ ጡት ማጥባት የሠለጠነው የመድኃኒት መጋዘኑ ሰውዬ ነው። ስሜን ደብዳቤው ላይ ሳይ ሃያ ዓመት ሙሉ የረሳኝ ሰው ድንገት የጠራኝ መሰለኝ። ማንም እንዲያበላሽብኝ አልፈለግሁም፣ የስድስት ዓመት ልጅም ብትሆን።

የምሄድ ለት ጠዋት ሻንጣዬን ከበሩ ውጭ አስቀምጬ ገባሁ። እጇን ዘረጋችልኝ። እውነቱን ብነግራት ታለቅሳለች፣ መኪናውም ያመልጠኛል። «ጥጥ ላምጣና መጣሁ» አልኳት።

«ቶሎ ነይ» አለችኝ።

ደብረ ወርቅን አልፈን ግንደ ወይን እስክንደርስ ስለ እሷ አስብ ነበር። ሞጣ ስገባ ግን ረሳኋት። አዳራሹ የሆቴል ነው፤ ውኃው በላስቲክ፣ ደብተሩ አዲስ፣ ስማችን ደረታችን ላይ። አሠልጣኟ ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ እግር ናት፤ በጨርቅ አሻንጉሊት ላይ መርፌ እየወጋች፣ ልጁ ከሚደረግለት ነገር በፊት እንዴት እንደሚዘጋጅ ታሳየናለች። የመጀመሪያው ቀን ትምህርት አንድ ነገር ነበር፦ ለሕፃን አይዋሽም። የሚያም ከሆነ ያማል በሉት፤ የምትሄዱ ከሆነ እሄዳለሁ በሉት። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ በቀይም አሰመርኩበት።

በማግሥቱ ጭውውት ሥሩ ተባልን። እኔ ልጅ ሆንኩ። አራት ነርሶች ጠረጴዛው ላይ አጋድመው ያዙኝ፤ አንዱ ጉልበቴን፣ አንዷ ትከሻዬን። አያያዛቸው የለመደ እጅ ነበር፣ የእኔው ዓይነት። አንዷ ጆሮዬ ሥር «አይዞሽ፣ አያምም» አለችኝ። ምንም ሊያደርጉኝ እንዳልሆነ እያወቅሁ ፈራሁ። እውነተኛ ፍርሃት ነበር፤ ልነሳ ስታገል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ተጨበጨበልኝ። አሠልጣኟ «ምን ተሰማሽ?» ስትለኝ «ጥሩ ነው» አልኩ።

በሻይ ሰዓት ወጥቼ ለሥራ ባልደረባዬ ደወልኩ።

«እጇን ሆዷ ሥር ደብቃ ተኝታለች» አለችኝ። «አታስነካም። ማንም አይነካኝም ብላኛለች እያለች ነው። መቼ ትመጣለች እያለች ትጠይቃለች፤ ምን ልበላት?»

«ነገ ትመጣለች በያት» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁና ወደ አዳራሹ ገብቼ ስለ እውነት የቀረውን ተማርኩ።

ሥልጠናው ሲያልቅ መንገድ ተዘግቶ ሁለት ቀን ሞጣ ቆየን። ለጠየቀኝ ሁሉ የምነግረው ይህንን ነው፤ መንገድ ተዘጋ። መንገዱ የዘጋኝ ሁለቱን ቀን ነው፤ አምስቱን የዘጋሁት እኔው ነኝ።

ስመለስ አልጋዋ ላይ ሌላ ልጅ ተኝቷል። ባልደረባዬ እንደነገረችኝ፣ እኔ በሄድኩ በሦስተኛው ቀን ይዘው ሊያጥቧት ሲሞክሩ ራሷን እስክትስት ጮኸች፤ እናቷም አንጀቷ አልችል ብሎ በራሷ ኃላፊነት ፈርማ ወሰደቻት።

ኃላፊያችን የተማርኩትን ለሠራተኛው እንዳካፍል አዘዘኝ። አካፈልኩ። ለሕፃን አይዋሽም አልኩ፤ ሁሉም ጻፈ። በዚያ ቀን የጠላሁትን ያህል ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እናትና ልጅ ተመለሱ። ቤት ውስጥ ማርና ቅቤ ሲቀቡላት ሰንብተዋል። ቁስሉ ደርቋል፤ ሦስቱ ጣቶች ግን ከሥር እስከ ጫፍ ተጣብቀው ወደ መዳፏ ታጥፈዋል። ሐኪሙ አየና ባሕር ዳር ሪፈር ጻፈላት፤ ካልተቀደደ አይዘረጋም።

«እንደምን አደሩ» አለችኝ ልጅቱ።

ያን ጊዜ አንቺ ነበር የምትለኝ። እናቷ «ትልቅ ሰው ናቸው፣ እርስዎ በይ» እያለች ብትቆጣትም አሻፈረኝ ብላ፣ እንደ አክስቷ አንቺ፣ ነይ፣ ሂጂ ትለኝ ነበር። አሁን ማንም ሳያዛት አንገቷን ሰበር አድርጋ አከበረችኝ። እናትየዋ ልጇ ሥርዓት ያወቀች መስሏት ደስ አላት። እኔ እንደዚያ ቀን የተሰደብኩበት ቀን የለም።

እናትየዋ ወደ ጥግ ሳበችኝ። «ባሕር ዳር አልሄድም ብላ አስቸገረችኝ። ሲስተር፣ ዘመድ ጥየቃ ነው ይበሉልኝ። እርስዎን ታምናለች።»

ልጅቱ ፊት በርከክ አልኩ፤ ሞጣ ላይ እንደዚያ ነው የተማርነው፣ ዓይን ለዓይን። «የምትሄጂው ሐኪም ቤት ነው» አልኳት። «ያስተኙሻል። ተኝተሽ ሳለ የተጣበቁትን ጣቶችሽን ቀደው ይለያዩአቸዋል። ያን ጊዜ አይሰማሽም። ስትነቂ ግን ያማል፤ ብዙ ቀን ያማል።» እናቷ በጉልበቷ ጎሰመችኝ።

ልጅቱ አላለቀሰችም። እንደ ትልቅ ሰው አተኩራ አየችኝ።

«እርስዎ እዚያ ይኖራሉ?»

«አልኖርም።»

«እርግጥ?»

«እርግጥ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

«እንግዲያ እሄዳለሁ» አለችና ወደ በሩ ቀድማ ወጣች።

እናትየዋ እጄን ይዛ ሳመችው። «ተመስገን» አለች፤ «እንዴት አድርገው አሳመኗት?»