ጀርባዬን የሚነካ ሐኪም ፍለጋ፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

ሐሙስ ማለዳ ከሰበታ የወጣሁት ተናድጄ ነው። ሰኞ ጀርባዬ እንዲቀደድ ቀጠሮ ተይዞልኛል። ቀጠሮውን ያስያዘችው ልጄ ሰላማዊት ናት፤ እኔን የጠየቀኝ የለም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ሐኪም የኤምአርአይ ፊልሜን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና «ዲስኩ ተንሸራቷል፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል» አለ። ያለውም ለእሷ ነው። እኔ እዚያው ወንበር ላይ እንደ ዕቃ ተቀምጬ ነበር።

የማያውቀኝ አንባቢ ይወቀኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። ሰበታ ውስጥ የውሃ ፓምፑ የቆመበት ሰው ቀድሞ የሚጠራው እኔን፣ ጋሽ ተሰማን ነው። ጀርባዬ ሲታመምም እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ቀበቶ ቆረጥኩ፣ በውስጡ የጣውላ ስንጥቅ ሰፋሁበት፣ ወገቤን ጥፍር አድርጌ ታጠቅኩት። ሌሊትም አልፈታውም። ጎረቤቴ ኦቦ ደቻሳ ወገቡን ሲያመው ለእሱም ሠራሁለት። እንዲህ ያለ ቀበቶ ፋርማሲ ውስጥ ፈልጋችሁ አታገኙም።

ህመሙ ግን ወደ ግራ እግሬ ወረደ። ሱሉልታ ውስጥ የአከርካሪና የመገጣጠሚያ ህመም ያለ ቢላ የሚያክም ስፔሻሊስት አለ ሲባል ሰማሁ። ደቻሳ ደግሞ «ቡራዩም አለ አሉ፤ እሱን አስቀድመን እንየው» አለኝ። ለልጄ ቃል ገባሁላት፦ ሁለቱም «ቢላ» ካሉ ሰኞ አፌን ዘግቼ እተኛለሁ።

ወደ ቡራዩ

ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ረዳቱ «ፋዘር፣ ጋቢና ይግቡ! ጋቢና ለእርስዎ ነው!» ብሎ ከፊት የተቀመጠውን ወጣት አስወረደው። ከኋላ ልቀመጥ ብል ተሳፋሪው ሁሉ «ኧረ ነውር ነው አባባ!» ብሎ ተነሳብኝ። ጋቢናው መሐል ላይ፣ ማርሹ ጉልበቴን እየመታኝ፣ እግሬን የምዘረጋበት አጥቼ በዓለም ገናና በአየር ጤና አለፍኩ። እያንዳንዱ ጉድጓድ ወገቤ ላይ አረፈ። ክብር ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚሰቃየው! ደቻሳ ከኋላ እግሩን ዘርግቶ ያንኮራፋል።

ቡራዩ ስንደርስ ጨጨብሳ በማር በላን፤ እኔ ቆሜ፣ እሱ ተቀምጦ። ከዚያ ክሊኒኩን አገኘነው። የወገብና የጉልበት ክሊኒክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ! አሳንሰር የለውም። ደረጃው ላይ ጉልበታቸውን የያዙ እናቶች በየእርከኑ አርፈው ይተነፍሳሉ። አንዷ «እዚህ የደረሰማ ድኗል» ብለው ደረጃው ላይ ያለውን ሁሉ አሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ይህን ክሊኒክ እዚህ ያወጣ ሰው ወገብ የሚባል ነገር ኖሮት ያውቃል?

ነጭ ካፖርት የለበሰ ጎልማሳ ገና ሳልቀመጥ እጁን ዘረጋ።

«ፊልሙን።»

ሰጠሁት። መስኮቱ ላይ ለጥፎ ትንሽ አየና «ተከታታይ መርፌ ይወስዳሉ። ዛሬ እንጀምራለን» አለ።

«የት ነው የምትወጋኝ?»

«ወገብዎ ላይ ነዋ።»

«ወገቤ የቱ ጋ እንደሚያመኝ ጠየቅከኝ?»

«ፊልሙ ይናገራል፣ አባት።»

«እንግዲያው ፊልሙን ውጋው!»

ደቻሳ ክንዴን ያዘኝ። እኔ ግን አልጨረስኩም። በሩ ላይ «ስፔሻሊስት» የሚል ስለተለጠፈ «የምንድን ነህ ስፔሻሊስቱ?» አልኩት።

«የህመም» አለኝ።

ፊልሜን ከመስኮቱ ነጥቄ ወጣሁ። ያን ሁሉ ደረጃ ስወርድ ግራ እግሬ እሳት ይነድበታል፤ ንዴቱ ግን ይብሳል። አንዱ ሊቀደኝ፣ ሌላው ሊወጋኝ ተነሳ። ጀርባዬን ግን እስካሁን አንድም የሐኪም እጅ አልነካውም። ፓምፕ ሊጠግን የመጣ ሰው ሽፋኑን ሳይከፍት ፎቶውን ብቻ አይቶ «ሞተሩ ይቀየር» ቢለኝ ከግቢዬ አባርረዋለሁ።

ወደ ሱሉልታ

ከአስኮ ወደ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ታክሲ ያዝን። ደቻሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። እሱ እንዲህ ሲጠጋ የሚለው ነገር አለው ማለት ነው።

«ተሰማ፣ ይቺም ቢላ ካለችህስ?»

«ሴት ናት እንዴ?»

«ልጅ ናት አሉ።»

«እግዚአብሔር ያሳይህ!»

ዳገቱን ጨርሰን ቁልቁል ስንወርድ የሱሉልታ ሜዳ ተዘረጋ፤ የድርቆሽ ክምር፣ ከብት፣ ካፖርት የሚያልፍ ብርድ። ክሊኒኩ ምድር ቤት ነው፤ አንድም ደረጃ የለውም። ይህን ሳይ ንዴቴ ትንሽ ረገብ አለ፤ ትንሽ ብቻ።

ዶክተር ሐዊ በእውነትም ልጅ ናት። ተቀምጣ አልጠበቀችንም፤ በሩ ላይ ቆማ አረማመዳችንን ታያለች። «አካም ጅርቱ፣ ኦቦ?» ብላ ደቻሳን በኦሮምኛ ሰላም አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አባቴ፣ እስቲ እስከ ግድግዳው ተራምደው ይመለሱ» አለች።

ፊልሙን ዘረጋሁላት።

«ያስቀምጡት፤ በኋላ አየዋለሁ።»

ጫማዬን አስወለቀችኝ። በተረከዜ አስኬደችኝ፣ በጣቴ አስቆመችኝ። አስተኝታ እግሬን እያነሳች ህመሙ የት እንደሚጀምረኝ ጠየቀችኝ። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታችው። ቀጥላ «ሽንትዎን ይቆጣጠራሉ? ብሽሽትዎ አካባቢ መደንዘዝ አለ?» አለችኝ።

«ይህን ለሚስቴም አልነገርኩ!»

«ለእኔ ይንገሩኝ፤ ቢላ ያስፈልግ አያስፈልግ የምለየው በእሱ ነው።»

እቆጣጠራለሁ፤ መደንዘዝም የለም። ነገርኳት። ከዚያ ጀርባዬን ልትነካ ስትል እጇ ቀበቶው ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእኔ ሥራ ነው» አልኩ በኩራት።

ደቻሳም ካፖርቱን ገልጦ የራሱን አሳያት። አገላብጣ አየችው።

«ስፌቱ ግሩም ነው። ለጥቂት ቀን ቢሆን ምንም አልልም። ግን ሌሊትም ቀንም ታጥቃችሁ የወገባችሁን ጡንቻ ሥራ አስፈትታችሁታል። ከዛሬ ጀምሮ ይፈታል።»

ደሜ ፈላ! ይቺ ልጅ ሳትወለድ ሞተር የፈታሁ ሰው የሠራሁትን ፍታ ትበለኝ? ልጮህ አፌን ስከፍት ነገሩ በራሴ በኩል መጣልኝ፦ ቆሞ የከረመ ፓምፕ ይነክሳል፤ አልዞር ይላል። ይህን እሷ አልነገረችኝም፤ እኔ ነኝ የደረስኩበት። እሷ የተናገረችውን በሞተር ቋንቋ ሳስበው ትክክል ሆኖ አገኘሁት፤ ቀበቶውን በገዛ እጄ ፈታሁት።

በመጨረሻ ፊልሙን አየች። «ዲስኩ እውነትም ወጣ ብሏል። የእግርዎ ኃይል ግን ሙሉ ነው። ነርቭዎ ተቆጥቷል እንጂ አልሞተም። የአጭር ጊዜ መድኃኒት፣ በየቀኑ የእግር ጉዞና የወገብ እንቅስቃሴ አዝዝልዎታለሁ። ብዙ ሰው በዚህ ይሻለዋል፤ እርስዎን ግን እየተከታተልኩ ነው የማውቀው። እግርዎ ከሰነፈ ወይም ሽንትዎ አልታዘዝ ካለ ያንኑ ዕለት ይመጣሉ። ያኔ ቢላ እምቢ ካሉ የምቆጣው እኔ ነኝ።»

ስልክ ደውዬ ከሰላማዊት ጋር አገናኘኋት። ልጄ መጀመሪያ ጮኸች፤ እኔ ድረስ ይሰማል። ዶክተሯ ያየችውን አንድ በአንድ አስረዳቻት። ስልኩ ሲመለስልኝ «አባዬ፣ ሰኞን እሰርዘዋለሁ። ግን ያለችህን ካልሠራህ እኔው ራሴ አስሬ ነው የምወስድህ» አለችኝ። የእኔ ልጅ ናት፤ ቁጣዋ ከማን እንደመጣ አይጠፋኝም።

ሰበታ

በመልሱ ረዳቱ «ጋቢና፣ ፋዘር!» ሲል «ክብሩን ለራስህ ያዝ፤ እኔ የምፈልገው እግሬን መዘርጊያ ነው!» አልኩት። ቀበቶዎቻችን በፌስታል ደቻሳ ጭን ላይ ተቀምጠዋል። እስክንደርስ «አትፍታው ያልከኝ አንተ ነህ» እያለ አደረቀኝ። «አሁንም ፍታው የምልህ እኔው ነኝ!» አልኩት።

ቤት ስገባ ሳሎኑ ወለል ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ እንዳሳየችኝ ጉልበቴን ወደ ደረቴ መሳብ ጀመርኩ። በሩ ክፍት ነበር። ያየችኝ ጎረቤት «ጋሽ ተሰማ ወደቁ!» ብላ ጮኸች። ሰፈሩ በሙሉ ገባ። አንዱ ውሃ ይረጨኛል፣ ሌላው ሊያነሳኝ ብብቴን ይዞ ይጎትታል።

«አልወደቅኩም! ልቀቁኝ! ሕክምና ላይ ነኝ!»

ማንም አላመነኝም። እዚያው ወለል ላይ እንደተኛሁ ቁጣዬን ሁሉ አወረድኩባቸው፦ ፊልማችሁን ይዛችሁ በየደጁ አትዙሩ፤ ጀርባችሁን ይዛችሁ ሂዱ! እጁን ሳያሳርፍባችሁ ቢላ ወይም መርፌ የሚያነሳ ካጋጠማችሁ ጫማችሁን አድርጉና ውጡ! ከዚህ ጉዞ ያገኘሁት ይሄ ነው።

ከሕዝቡ መሐል ደቻሳ ፌስታሉን እንደያዘ ብቅ አለ። ሁሉም እሱ ያስረዳል ብሎ ወደ እሱ ዞረ። እሱ ካፖርቱን አወለቀ፣ ፌስታሉን ጥግ ወረወረና አጠገቤ ወለሉ ላይ ተንጋለለ።

«ጠጋ በል፣ ተሰማ» አለኝ። «መጀመሪያ የትኛው ጉልበት ነበር?»